ከመንገድ የወረደው ሰው
ማሻ፣ ማንጆ እና የጠባይ ሚዛን ታሪክ

ሁለት ሰዎች ከማሻ ወጣ ባለ የጫካ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሊገናኙ ነው። ዘመኑ የቅድመ አያቶች ዘመን ነው። መንገዱ ቀጭን ነው፤ ዝናብ አርሶታል፤ በአንድ ወገን ቀርከሃ፣ በሌላው ወገን እንሰት አለ። አንደኛው ሰው ሸካቾ፣ ሌላኛው ማንጆ ነው። ማንጆው ገና ከሩቅ ሲያየው ከመንገዱ ይወርዳል። ዳር ቆሞ አንገቱን ይደፋል። በጎረቤት ካፋ ተመራማሪዎች የመዘገቡት የማንጆ ሰላምታ ትርጉሙ «እኔ ልሙትልዎ» እንደ ማለት ነው። ሸካቾው ያልፋል። ማንጆው ወደ መንገዱ ይመለሳል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ከመንገድ የወረደው ሰው ምን ዓይነት ጠባይ ያለው ሰው ነው?

አብዛኛው ሰው መልስ አያጣም። ፈሪ ነው። ትሑት ነው። ዓይን አፋር ነው። ምናልባትም ተንኮለኛ፣ ውስጡን የሚደብቅ ነው። ትክክለኛው መልስ ግን «ከዚህ ተነሥቶ ማወቅ አይቻልም» የሚለው ነው። ያ ሰው ቤቱ ሲገባ ቀልደኛ ሊሆን ይችላል። በአደን ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ ደፋር ሊሆን ይችላል። ሚስቱን የሚያስለቅስ ቁጡም ሊሆን ይችላል። ከመንገድ መውረዱ የሚናገረው ስለ አገሩ ሕግ እንጂ ስለ እሱ አይደለም። ደፋሩም ማንጆ ይወርዳል፤ ፈሪውም ማንጆ ይወርዳል።

የሥነ ልቦና ሳይንስ ይህን ቀላል ነገር በደንብ ለመረዳት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ዛሬም ድረስ ፖለቲካውም፣ ጋብቻውም፣ ቅጥሩም ሰውን የሚመዝነው በአመዛኙ ከመንገድ ሲወርድ አይቶ ነው።

*

ማንጆዎች በካፋ፣ በሸካ እና በአካባቢው የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸው የጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ነው። የቆዳ ቀለማቸውም፣ የሚኖሩበት ደንም ያው ነው። ቀድሞ በዋናነት አዳኞችና የጫካ ሰዎች ነበሩ። ጉሬዛና የዱር አሳማን የመሰሉ ሌሎች የማይበሏቸውን እንስሳት ሥጋ ይበሉ ነበር፤ «ርኩስ» የተባሉበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። በካፋ ነገሥታት ዘመን የመንግሥቱን በሮች የሚጠብቁት እነሱ ነበሩ። ይህን ልብ ይሏል፦ አገር የሚያህል ነገር በር ላይ አቁሞ የሚያስጠብቅ ሕዝብ፣ ጠባቂውን ቤቱ አያስገባም ነበር። ምግብ ቢሰጠው እንኳ በእንሰት ቅጠል ላይ ነው፤ ሳህኑ እንዳይረክስ። ጋብቻማ የሚታሰብ አልነበረም።

ከዚህ ሥርዓት ጋር የጠባይ ዝርዝር አብሮ መጣ። ማንጆ ንጽሕና አያውቅም፤ ማንጆ ሰነፍ ነው፤ ማንጆ ይሰርቃል፤ ማንጆ ለነገ አያስብም። እነዚህን ቃላት ያወጣቸው ማንም ሰው አንድን ማንጆ ቀርቦ፣ ዓመት አብሮት ኖሮ፣ ገምግሞት አይደለም። ቀርቦ መኖርማ የተከለከለ ነበር። ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው።

ይህ የማሻ ብቻ ነገር ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር። ግን አይደለም። ሸካ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በራስ ተሰማ ናደው ጦር ወደ ምኒልክ ግዛት ሲጠቃለል፣ ማንጆን ከመንገድ ያስወርድ የነበረው ሸካቾ ራሱ ለሌላ መንገድ መልቀቅ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ አገሩም ሕዝቡም በመንግሥት ወረቀት ላይ የተጠራው ራሱን በሚጠራበት «ሸካ» ሳይሆን ሌሎች ባወጡለት «ሞቻ» በሚል ስም ነው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1959 የሸኪ ኖኖን መዝገበ ቃላት ሲያሳትም ርእሱ ላይ የጻፈው የሞቻ መዝገበ ቃላት ብሎ ነው። ከሰሜን የመጣው ሹምና ወታደር ደግሞ የምዕራቡን ሕዝብ በጅምላ የሚጠራበት የራሱ ስድብ ነበረው፤ ከስድቡ ጋርም የራሱ የጠባይ ዝርዝር። ዝርዝሮቹ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይመሳሰላሉ፦ ሰነፍ፣ ቆሻሻ፣ የማይታመን። መሰላሉ ላይ ከላይ ያለው ሁሉ ከታች ስላለው የሚያወራው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ሰሜኑም ውስጥ ቢሆን ከዚህ የጸዳ አልነበረም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡ፣ «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ስለ ሰደደ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ቀረ ለማለት ግን ይከብዳል።

የዚህ ሁሉ ፍልስፍና በአንድ የአማርኛ ተረት ውስጥ ተጠቅልሎ አለ፦ ዘር ከልጓም ይስባል። አንድ ሰው ስለ ጠባይ የሚኖረው አጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ በአራት ቃላት ሳይሞላ ተነግሮ አልቋል። ጠባይ ከዘር ይመጣል፤ ልጓም፣ ማለትም አስተዳደግና ትምህርት፣ አይመልሰውም።

*

ሰውን በዘሩ ሳይሆን በራሱ ለመመዘን የሞከሩ መንገዶችም ጥንትም ነበሩ። አውደ ነገሥት አንዱ ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይሰላሉ፤ ድምሩ ለ12 ይካፈላል፤ ቀሪው ኮከቡን ይነግራል፤ ኮከቡ ደግሞ ጠባዩን፣ ዕድሉን፣ የሚስማማውን የትዳር ጓደኛ ሳይቀር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስ እና ከእሳት መሠራቱ ይነገራል። ዛሬ «ባሕርይ» የሚለው ቃል ለሰው ጠባይ የሚያገለግለው በከንቱ አይደለም። ግሪኮቹ ሂፖክራተስና ጋሌንም ስለ ሰው ጤናና ጠባይ ያወሩት በአራት ነገር ነው፤ የእነሱ ግን በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወሩ አራት ፈሳሾች ነበሩ።

አውደ ነገሥት አንድ መልካም ጎን ነበረው፦ የማንጆንም የራስንም ልጅ በአንድ ሒሳብ ያሰላል። ችግሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የአንተ ውጤት ይህ ነው» ብሎ ወረቀት አደለ፤ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካስ ሁሉም የተሰጣቸው አንድ ወረቀት ነበር። ጽሑፉንም መምህሩ በአብዛኛው የለቃቀመው ከመንገድ ላይ ከገዛው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። «ከውጭ ጠንካራ ትመስላለህ፤ ውስጥህ ግን አንዳንዴ ይጨነቃል» ቢባል የማይስማማ ማን አለ? በየማኅበራዊ ሚዲያው «ስምህን ጻፍ፤ ጠባይህን ልንገርህ» የሚሉ ገጾች የሚኖሩበት ጉልበትም ይኸው ነው።

ሳይንሱ የተሻለ መንገድ የፈለገው በመዝገበ ቃላት ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1884 አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ሰዎች ስለ ሰው ጠባይ የሚያስፈልጋቸውን ልዩነት ሁሉ በቋንቋቸው ውስጥ ቃል አውጥተውለታል፤ ስለዚህ ቃላቱን መቁጠር ነው። በ1936 ጎርደን ኦልፖርት እና ሄንሪ ኦድበርት አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዘው ሰውን ከሰው የሚለዩ 17,953 ቃላት ለቀሙ፤ ከእነዚህ 4,504ቱን የጸና ጠባይ ይገልጻሉ ብለው ለዩ። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ከሬይመንድ ካቴል ጀምሮ፣ ቃላቱን በስታቲስቲክስ እያጠጋጉ፣ እየጨመቁ ቀነሷቸው። መጨረሻ ላይ ዛሬ በዓለም ላይ ገዢ የሆነው የአምስቱ ዐበይት ጠባዮች ሥርዓት ተገኘ፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ተጫዋችነት፣ ደግነት እና የስሜት አለመረጋጋት።

መዝገበ ቃላቱ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ቃላቱን ያወጣቸው ማን ነው? ስለ ማንስ? አማርኛን ቢወስዱ «ጨዋ» የሚለው ቃል አለ። ዛሬ የሰው ጠባይ ነው፤ መልካም፣ የታረመ ማለት ነው። ቀድሞ ግን የዘር ቃል ነበር፤ ከባርያ ያልተወለደ፣ ከባለ እጅ ያልተወለደ፣ የወግ ልጅ ማለት ነው። ተቃራኒው «ባለጌ» ነው። አንድ ተመራማሪ እነዚህን ሁለት ቃላት አንሥቶ «የአማርኛ ተናጋሪዎች የጠባይ መለኪያ» ብሎ ቢያስቀምጣቸው፣ የለካው ጠባይን ይሁን የጥንቱን መሰላል ለመለየት ይቸገራል።

*

የጠባይ መጠይቅ የተወለደው በጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች የመድፍ ድምፅ ሲሰሙ የሚሰበሩ ወታደሮችን አስቀድመው ለመለየት ፈለጉ፤ ሮበርት ውድወርዝ የተባለ ምሁር በአዎ እና በአይ የሚመለስ መጠይቅ አዘጋጀ። ሳይደርስ ጦርነቱ አለቀ። ሐሳቡ ግን ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት መጠይቆች ሁሉ፣ ዛሬ በቅጥር ቢሮ የሚሞሉት ጭምር፣ የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው ሄርማን ሮርሻክ ደግሞ በ1921 የቀለም ጠብታ ምስሎቹን አሳተመ፤ ሰው በጠብታው ውስጥ የሚያየው ነገር ውስጡን ያሳያል በሚል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሣሪያው ከግለሰብ ወደ ሕዝብ ተዞረ። «የጃፓን ሰው ጠባይ እንዲህ ነው፤ የሩሲያ ሰው እንዲህ» የሚሉ መጻሕፍት ተጻፉ። ኢትዮጵያም አልቀረላትም። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ገበሬዎች መካከል ኖሮ፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎችን መጠይቅ አስሞልቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ያለውን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ ብዙ የሚያስተምር ነው፤ አማርኛን የሚወድ ሰው የጻፈው መሆኑም ያስታውቃል። ነገር ግን በፍሮይድ መነጽር የአማራን ሕዝብ በአጠቃላይ እንደ አንድ ሰው አስተኝቶ መርምሮታል፤ ከጡት መጥባትና ከአመጋገብ ተነሥቶ ስለ ሥልጣን ፍላጎት እስከ ማውራት ደርሷል። ኢትዮጵያውያን ምሁራን ዝም አላሉም፤ ገዳሙ አብርሃ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ጠንካራ ሂስ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። መንዝ ላይ «አማራ ተጠራጣሪ ነው» መባሉ ያስቆጣው ምሁር፣ ምዕራብ ወርዶ «ማንጆ እንዲህ ነው» ሲባል ቢሰማ ይቆጣ ነበር? ቁጣው በሚዛኑ ላይ ነበር ወይስ የተመዘነው ራሱ በመሆኑ ብቻ? ለዛሬው የብሔር ክርክርም ይኸው ጥያቄ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚጠላው በጅምላ መመዘንን አይደለም፤ መመዘኛው ላይ ራሱ ሲወጣ ነው።

ሳይንሱ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ጉዳዩን ፈትሾታል። እ.ኤ.አ. በ2005 አንቶኒዮ ቴራቻኖና በርካታ ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። በ49 ባህሎች ውስጥ 4 ሺህ የሚሆኑ ሰዎችን «የአገርህ ሰው ጠባይ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ከዚያው አገር ሰዎች በአንድ በአንድ ከተለካ ጠባይ ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱ አልተገናኙም። ሰዎች ስለ ራሳቸው አገር ሰው ጠባይ እንኳ ያላቸው ምስል፣ እውነተኞቹ ሰዎች ሲለኩ ከሚገኘው ጋር ዝምድና የለውም። ስለ ራስ ሕዝብ ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ ቤት አስገብተው ስለማያውቁት ሕዝብ የሚሉትማ እንዴት ይሆን?

«ታዲያ ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ የሚያሳስተውም ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ተለያይተው ያደጉ መንትዮች ሳይቀሩ የተጠኑባቸው ምርምሮች በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከውርስ ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው አንዱ ሰው ከሌላው ሰው ለምን እንደሚለይ ነው። አንድ ጎሳ ከሌላ ጎሳ ስለ መለየቱ ምንም አይልም። በአንድ ቤት ውስጥ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ዝምተኛ፣ አንዱ ለፍላፊ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ማሻ ውስጥ ዝምተኛ ሸካቾና ዝምተኛ ማንጆ በጠባይ የሚቀራረቡት ከገዛ ወንድሞቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ሊሆን ይችላል።

*

ወደ መንገዱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1967 ኤድዋርድ ጆንስ እና ቪክተር ሃሪስ ለአሜሪካ ተማሪዎች ስለ ፊደል ካስትሮ የተጻፉ ድርሰቶችን አስነበቡ። ገሚሶቹ ካስትሮን የሚደግፉ፣ ገሚሶቹ የሚቃወሙ ነበሩ። ከዚያ «ጸሐፊው እንዲህ ብለህ ጻፍ ተብሎ ታዞ ነው» ተብለው ተነገራቸው። ይህን እያወቁም ተማሪዎቹ የደገፈውን «ውስጡም ካስትሮን ሳይወድ አይቀርም» አሉ። ሰው ታዞ የሠራውን እያወቁ እንኳ ከጠባዩ ነው ማለት የሰው ልጅ የቆየ ስሕተት ነው። ሊ ሮስ በ1977 ስም አወጣለት፤ መሠረታዊው የፍርድ ስሕተት አለው። ከመንገድ የወረደውን ማንጆ «አንገቱን የደፋ ሕዝብ» የሚለው ሰው የሚሳሳተው ይህን ስሕተት ነው። ራሱ አስወርዶት፣ ራሱ «ለምን ወረደ?» ይላል።

በ1968 ዋልተር ሚሸል አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መስኩን በአንድ እግሩ አቆመው። የጠባይ ፈተና ውጤት ሰውየው በአንድ የተወሰነ ሁኔታ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከመተንበይ አንጻር ያለው ዝምድና ከ0.30 እምብዛም አያልፍም አለ። ይህ ማለት ከልዩነቱ አንድ ዐሥረኛውን እንኳ በቅጡ አያብራራም ማለት ነው። ክርክሩ ለዐሥርት ዓመታት ቆየ። ሌሎች መልስ ሰጡ፦ አንድን ቀን ሳይሆን ብዙ ቀናትን ብንደምር ጠባይ ጎልቶ ይታያል። እውነት ነው፤ ጎልቶ ይታያል። ሚሸልም ራሱ በኋላ ላይ ከዩኢቺ ሾዳ ጋር ሆኖ ጠባይ የለም አላለም፤ ጠባይ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል» በሚል መልክ ነው የሚታየው አለ። ሰውየው ከወንድሞቹ ጋር ሲሆን ደፋር፣ ከሹም ፊት ሲቆም ዝምተኛ ነው፤ ጠባዩ ሁለቱም ናቸው። ማንጆን መንገድ ላይ ብቻ ያየ ሰው ያየው የአንድን ሰው ግማሽ ነው፤ ያውም ራሱ ያለበትን ግማሽ።

ከሁሉ ይልቅ ለማሻ የሚቀርበው ግን ከሕንድ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ካርላ ሆፍ እና ፕሪያንካ ፓንዴ በኡታር ፕራዴሽ ገጠር የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ወንድ ልጆችን ሰብስበው በወረቀት ላይ የተሳለ የመንገድ እንቆቅልሽ አስፈቱ። ለፈቱት ልክ ገንዘብ ይከፈላል። ልጆቹ ከላይኛውና «አይነኬ» ከሚባለው ከታችኛው ካስት የተውጣጡ ናቸው። ማን ከየትኛው እንደሆነ ሳይነገር ሲሠሩ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የእያንዳንዱ ልጅ ስም ከነ ካስቱ ለሁሉም በጆሮ ሲነበብ ግን የታችኛው ካስት ልጆች ውጤት ወረደ። ልጆቹ ያው ናቸው፤ እንቆቅልሹም ያው ነው። የተጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን እንደሆኑ ጮክ ተብሎ መነገሩ።

ይህን አንብቦ የኢትዮጵያን የትምህርት ቤት ካርድ አለማስታወስ አይቻልም። ከሒሳብና ከአማርኛ ውጤት በታች «ጠባይ» የምትል መስመር አለች። እዚያ ላይ አንድ ፊደል ይጻፋል። አገሪቱ ውስጥ ከማንኛውም የሥነ ልቦና ፈተና በላይ ሚሊዮኖች የተመዘኑባት ፈተና ያቺ መስመር ናት፤ መጠይቅ የላትም፣ መመሪያ የላትም፤ መምህሩ ያየውን ይጽፋል። ከኋላ ወንበር ብቻውን የተቀመጠ፣ ማንም ምሳ የማይካፈለው፣ ስሙ ሲጠራ ሌሎች የሚስቁበት ልጅ ምን ይመስላል? ዝምተኛ፣ የማይሳተፍ፣ የሚቀር። ፊደሉም እንደዚያው ይሆናል። በአዋቂው ዓለም ደግሞ የደርግ ሂስና ግለ ሂስ፣ ቀጥሎም የኢሕአዴግ ግምገማ መጣ። ሰው በስብሰባ መሐል ቆሞ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚል የጠባይ ስም ተለጥፎበት ይቀመጣል። ስሞቹ የግለሰብ ጉድለት ይመስላሉ፤ «ጠባብ» እና «ትምክህተኛ» ለማን ለማን እንደሚሰጡ ግን ሰብሳቢውም ተሰብሳቢውም አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

*

የሸካ ነገር እንደ ነበረ አልቀረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅና 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወርድ፣ ማንጆም በወረቀት ላይ እንደ ማንኛውም ገበሬ ተቆጠረ። ካድሬዎቹ አብሮ መብላትን ሰበኩ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። ብዙ ማንጆዎች የሚያስነቅፋቸውን ሥጋ መብላት ተዉ። የሚገርመው ከተዉም በኋላ ስሙ አልተወሰደላቸውም። «የሚበላው ሥጋ ነው የሚያርቀን» ይባል የነበረው፣ ሥጋው ሲቀር ሌላ ምክንያት ተገኘለት። አንዳንዱ ወደ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ሄደ፤ እዚያም ቢሆን በአንዳንድ ቦታ ለብቻ ከማምለክ አልዳነም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማንጆዎች ወረቀት ይዘው መጡ። በካፋና በሸካ ያሉት መገለሉ እንዲቆም ለመንግሥት አካላት በተደጋጋሚ አቤቱታ አቅርበዋል፤ ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሳዩሪ ዮሺዳ እነዚህን አቤቱታዎች ተከታትለው አጥንተዋል። በ1994 ዓ.ም. በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በኋላ የጠባይ ዝርዝሩ እንዴት እንደሚገለበጥ ለመገመት አይከብድም። ትናንት «አንገቱን የደፋ» የተባለው ዛሬ «ጨካኝ» ይባላል። በሁለቱም ጊዜ ማንም ስለ አንድ ሰው አላወራም።

እዚህ ላይ «እንግዲህ ሸካቾና ካፋ ጨካኝ ሕዝብ ናቸው» ብሎ የሚደመድም አንባቢ ያንኑ ሚዛን አንሥቶ ሌላ ሰው ጫነበት እንጂ ሚዛኑን አልጣለም። ሸካቾው መንገዱን ይዞ ያለፈው ከጠባዩ ተነሥቶ አይደለም፤ ቢወርድ እሱም ይገለል ነበር። ከማንጆ ጋር አብሮ የበላ ሸካቾ ረከሰ ይባላል። ሕጉ ሁለቱንም ይዟቸዋል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን አንዱ ነው።

በቅርብ ዓመታት የጠባይ ተመራማሪዎች መጠይቃቸውን ይዘው እንደ ሸካ ወዳሉ አገሮች መሄድ ጀምረዋል። ማይክል ገርቨንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 በቦሊቪያ አማዞን ጫካ ውስጥ እያደኑና እያረሱ በሚኖሩት ቺማኔ ሕዝቦች መካከል 632 ሰዎችን ጠይቀው ያ ዓለም አቀፍ የተባለው የአምስቱ ጠባዮች ሥርዓት እዚያ እንደማይሠራ አገኙ። የተገኙት በዋናነት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ከሰው ጋር መልካም መሆን እና ታታሪነት። በ2019 ደግሞ ራሺድ ላጃጅና ባልደረቦቹ በ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ፈትሸው ጥያቄዎቹ ለመለካት የተዘጋጁትን ጠባይ በአግባቡ እንደማይለኩ አሳዩ። ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ፣ መጠይቁ በጠያቂ አፍ ፊት ለፊት ሲቀርብ መላሹ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት ስለሚያበዛ ነው።

አንድ ጠያቂ ነገ ታብሌት ይዞ ከማሻ ወጣ ወዳለ ቀበሌ ቢሄድና አንድ ማንጆ አባወራ ፊት ቢቆም፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ የሚል ይሆናል፦ «ራስዎን እንደ ሰነፍ ሰው ያዩታል? ከ1 እስከ 5።» ጠያቂው ሸካቾ ከሆነ፣ አባወራው ከቁጥሮቹ አንዱን ከመምረጡ በፊት ሌላ ነገር ያሰላል፦ እንግዳውን ቤት ግቡ ይበለው ወይስ ደጅ ላይ እንደቆሙ ይመልስለት።